አጥር የሌለው የብሬድስቶኮች በር

አያቶቻቸውን ተሸክመው የሚዞሩ ሰዎች የሌሉበት አገር የለም። ስለ ዝናብ ስታነሳለት ስለ ቅድመ አያቱ ካፖርት የሚያወራ፣ እግሩን ረግጠህ ይቅርታ ስትለው ይቅርታህን በሰባት ትውልድ ስም የሚቀበል ሰው ከአንተም መንደር አይጠፋም። የእኛ የሎንግ ሜርደን ሰዎች ዕድል ግን ከሌላው ይከፋል። የእኛው ሰው አያቶቹን ይዞ መዞሩ አልበቃ ብሎት በየደጃችን ያሳድራቸዋል።

ክቡር ሜጀር ጄኔራል ሰር ፔሪግሪን ብሬድስቶክ ይባላሉ። ሙሉ ስማቸውን ጠርቶ ለመጨረስ መሐል ላይ አንዴ መተንፈስ ግድ ነው። ከመንደራችን በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ሰማንያ መስኮት ባለው ቤት ይኖራሉ፤ ከሰማንያው ስድሳው አይከፈትም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ናቸው። ያንን አፍንጫ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በእብነ በረድ ተቀርጾ አሥራ አንድ ቦታ ታገኘዋለህ፤ እሑድ እሑድ አሥራ ሁለተኛው ከፊተኛው ወንበር ላይ ያንኮራፋል።

የቤተሰቡ ሥርዓት ከአራት መቶ ዓመት ወዲህ አልተለወጠም። የመጀመሪያው ልጅ ፓርላማ ይገባል፣ ሁለተኛው ጦር ሠራዊት፣ ሦስተኛው ፍርድ ቤት። አራተኛ ከተወለደና ትምህርት ካልዘለቀው ቄስ ይሆናል። አንዱ ሕግ ያወጣል፤ አንዱ ሕጉን አልቀበልም ባለው ላይ ይተኩሳል፤ አንዱ ተኩሱ ትክክል ነበር ብሎ ይፈርዳል፤ ቄሱ ይቀብራል። አራቱ አንድ ማዕድ ላይ ከተቀመጡ አገሪቱ ሌላ መንግሥት ምን ያደርግላታል? እኔ ይህን በቀልድ ነው የምለው፤ እነሱ ግን ቀልዱ አይታያቸውም።

የጄኔራሉ ታላቅ ወንድም ሰር ሂዩበርት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በፓርላማ ወክለውናል። በእነዚህ ዓመታት አራት ጊዜ ተናግረዋል፤ አንደኛው ንግግር መስኮት ይዘጋልኝ የሚል ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ቤቱም መሬቱም፣ ከመሬቱ ጋር እኛም፣ ለጄኔራሉ ተላለፍን።

የትኛውንም ጦርነት፣ የትኛውንም ውል፣ የትኛውንም ስቅላት ብታነሳ ጄኔራሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «እዚያም አንድ ብሬድስቶክ ነበረ» ይላሉ። ሐኪማችን መርምሯቸው ኩላሊትዎ ውስጥ ጠጠር አለ ቢላቸው፣ «የአያቴ ወንድም የባሰ ጠጠር ነበረባቸው፤ እሱን ይዘው አራት ሰዓት ሙሉ ንግግር አድርገዋል» አሉት። ጄኔራሉ የኮሩት በጠጠሩ ይሁን በንግግሩ ሐኪሙ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ሥጋ ቤት ሰልፍ ጥሰው አይገቡም፤ ይህን አልክድም። ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ግን ቆመው ዝም አይሉም። በዓለም ጦርነት ኢጣልያ የዘመቱበትን ታሪክ፣ ካርታ ከበላችው በቅሎ ጋር፣ መተረክ ይጀምራሉ። ትረካቸው ወንዝ ሳይሻገር ከፊታቸው ያለው ሰው፣ «ጄኔራል፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። ቀጣዩም እንደዚያው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሥጋቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሰው እንዳከበራቸው ነው የሚያምኑት። እኔም ብዙ ጊዜ አክብሬያቸዋለሁ።

ሚዛናዊ ነኝ አልልም። አባቴ የብሬድስቶኮችን ጣሪያ ሲጠግን ከመሰላል ወድቆ እስኪሞት አነከሰ። ከትልቁ ቤት አንድ ዝይ ተላከልን። እናቴ ያንን ዝይ ስትበልት ያለቀሰችው ለአባቴ እግር ይሁን ለዝይው ማነስ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የአገሬን ታሪክ ሁሉ አጥንቼ ስመለስም መልሱን አላገኘሁትም። ዛሬ የትምህርት ቤታችን የታሪክ አስተማሪና የመንደሩ ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ። ያንን ዝይ ግን አሁንም አልዋጥኩትም።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ።

በብሬድስቶኮች ግቢ መሐል የሚያልፍ የእግር መንገድ አለ። ከመንደሩ ተነስቶ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ሥር አልፎ፣ ማዶ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ዘንድ ይወጣል፤ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በመንደሩ በኩል፣ አንበሶች የተቀረጹበት ግዙፍ የብረት በር ቆሟል። ዳኛ የነበሩት የጄኔራሉ ቅድመ አያት አንድ ልማድ ተክለዋል፤ በየዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ የቤተሰቡ አለቃ በሩን በሰንሰለት ቆልፎ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። ዳኛው ሕጉን ያውቁ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው በግልጽ፣ ሳያስፈቅድና ማንም ሳይመልሰው የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል። ባለመሬቱ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ሰዉን ከመለሰ ግን መንገዱ የእሱ እንደሆነ ይኖራል።

ስለዚህ ጄኔራሉ በየዓመቱ ያን ቀን ኒሻናቸውን ደርድረው፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው ይመጣሉ። አሽከራቸው ሰንሰለቱን በብር ሳህን ላይ ይዞ ይከተላል። በሩ ይቆለፋል። ጄኔራሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ በሩ አጥር የለውም። የብረት አጥሩ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1940፣ ለአውሮፕላን መሥሪያ ተነቅሎ ተወስዷል። በሩ የቤተሰቡ ዓርማ ስላለበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሌላ አጥር አላጠረም። ሜዳ መሐል ብቻውን የቆመ በር ይቆለፋል፤ ከግራው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ሰው በእግሩ ብዛት ሣሩን ላጭቶታል።

አንድ ዓመት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሰላም ልበል ብዬ ቆምኩ።

«እንደምን አደሩ፣ ጄኔራል?»

«ዝግ ነው።»

«አያለሁ። እኔ እንኳ በዚህ አላልፍም።»

«ብታልፍም ዝግ ነው።»

«አጥሩስ?» አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ወዳጄ፣ አጥር የሚሠራው በር ለማያከብር ሰው ነው» አሉኝ።

ይህን ለሬጅ ታፕሴል ስነግረው የያዘው ቢራ በአፍንጫው ወጣ። ሬጅ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ብሬድስቶኮችን እንደ እሱ የሚንቅ ሰው በወረዳው አልነበረም። «ብሬድስቶክ ማለት እንደ እኛ መሥመር አውቶቡስ ነው» ይል ነበር። «አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ የትም ግን አያደርስህም።»

ከዚያ ሬጅ አንድ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ወደቀ። ግማሽ አካሉም አንደበቱም ተያዘ። ማዶ ያለው መጦሪያ አስገቡት። ሚስቱ ዊኒ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ያንን መንገድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመላልሳበታለች። አሁን ደግሞ ሬጅ ከእሷ እጅ በቀር ከማንም እጅ ማንኪያ አልቀበል አለ። ነርሶቹ ሞክረው ሞክረው ተዉት። ስለዚህ ዊኒ፣ በሰባ ስድስት ዓመቷ፣ በየቀኑ ሾርባዋን በፎጣ ጠቅልላ በግቢው ታቋርጣለች። በሌላ በኩል ልሂድ ብትል፣ የጭነት መኪና የሚከንፍበት፣ የእግረኛ ቦታ የሌለው፣ የሦስት ማይል አስፋልት ነው።

ያለፈው ዓመት የጄኔራሉ የወንድም ልጅ ክሪስፒን ከለንደን መጣ። ፍርድ ቤት የገባው የሦስተኛው ወንድም ልጅ ስለሆነ ጠበቃ ነው፤ ጫማው ጭቃችንን ሲያይ የሚሸማቀቅ ይመስላል። የትልቁ ቤት ጣሪያ ያፈስሳል፤ ጄኔራሉ በባልዲ መሐል ነው የሚኖሩት። ክሪስፒን ግቢውን ለጎልፍ ሜዳ የሚገዛ ኩባንያ አገኘ። ኩባንያው አንድ ነገር ጠየቀ፤ መንገዱ ይዘጋ። ኳስ ከሚመታ ሰው መሐል ሾርባ የያዘች አሮጊት እንድታልፍ አልፈለገም።

እኛም መንገዱ የሕዝብ ነው ብለን አቤት አልን። ከመንግሥት አንዲት መርማሪ ተላኩ፤ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የማይስቁ ሴት። የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። በአንድ በኩል ክሪስፒንና ጄኔራሉ፤ በሌላው በኩል እኔ፣ አሥራ አንድ ጥያቄ የጻፍኩበት ወረቀት ይዤ።

ዊኒ መጀመሪያ ምላለች። በየዓመቱ፣ በዚያ ማክሰኞም ጭምር፣ በበሩ ጎን ማለፏን ተናገረች። ክሪስፒን ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ሚስስ ታፕሴል፣ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በዚያ ማክሰኞ ምሳ ምን በልተው ነበር?»

«ምኑን አውቄ፣ ልጄ?»

«ምሳዎን ካላስታወሱ በየት እንዳለፉ በምን አስታወሱ?»

«ምሳ ይለዋወጣል» አለች ዊኒ። «መንገዱ ግን ያው ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ክሪስፒን አልሳቀም።

«ጄኔራሉ በዚያ ቀን መንገዱን እንደሚዘጉ በጽሑፍ አረጋግጠዋል። እርስዎ አልፌያለሁ ይላሉ። ጄኔራሉ ዋሹ ነው የሚሉት?»

ዊኒ ወደ ጄኔራሉ አየች። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ብሬድስቶክን ውሸታም ማለት በእኛ መንደር ገና ያልተለመደ ነገር ነው። ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። መርማሪዋ አንድ ነገር ጻፉ። ወደ ወንበሯ ስትመለስ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አበላሸሁት፣ አይደል?» አለችኝ። «ነገ ሬጅን ማን ሊያበላው ነው?»

ከዚያ ጄኔራሉ ተጠሩ። ኒሻናቸውን በሙሉ አድርገዋል። መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘው የማሉት ጦር የሚመሩ ያህል ጮኸው ነው። የእሳቸው ቃልና የአንዲት ምግብ አብሳይ ቃል ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለታሪክ አስተማሪ አይነገርም። ወረቀቴን አጠፍኩት።

«ጄኔራል» አለ ክሪስፒን፣ «በዚያ ቀን በሩን በየዓመቱ ይቆልፋሉ?»

«እቆልፋለሁ።»

«መንገዱ ዝግ መሆኑን ለመጣ ሁሉ ይነግራሉ?»

«ለእያንዳንዱ።»

«እንግዲህ ሰው ሁሉ ይመለስ ነበር ማለት ነው።» ክሪስፒን ጨርሶ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀምሯል።

«የለም» አሉ ጄኔራሉ።

የክሪስፒን እጅ ወረቀቱ ላይ ቀረ። መርማሪዋ መነጽራቸውን አደረጉ።

«የለም ማለት?» አሉ መርማሪዋ።

«ያልፉ ነበር። ሚስስ ታፕሴል በተለይ በየዓመቱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ሰዓቴን በእሳቸው ነበር የምሞላው።»

«በየት በኩል ነው የሚያልፉት?»

«በጎን ነዋ! አጥር የለም እኮ። አጥሩ በ1940 ዘመተ፤ አልተመለሰም።»

ክሪስፒን ላብ አጠመቀው። ግን ጠበቃ ነው፤ መውጫ ቀዳዳ አየ፤ እኔም አየሁት። ጄኔራሉ ፈቅደውላት ከሆነ መንገዱ መብት መሆኑ ይቀርና ችሮታ ይሆናል። ችሮታ ደግሞ ባለቤቱ በፈለገ ቀን የሚነሳው ነው። አንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢነቀንቁ ዊኒ ወደ አስፋልቱ ትወጣለች።

«ጄኔራል» አለ ክሪስፒን፣ ድምፁን እንደ ማር አለስልሶ፣ «ይህ ደግነትዎ ነው። ሴትዮዋን አይተው አዘኑላቸው። ፈቀዱላቸው። አይደለም እንዴ?»

«ፈቀድኩ?» ጄኔራሉ ተቆጡ። «እኔ? በፍጹም! ‘ዝግ ነው፣ ሚስስ ታፕሴል’ አልኩ። ‘አየሁት፣ ጄኔራል’ አሉኝና አለፉ። ማን ጠየቀኝና ነው የምፈቅደው?»

«ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?» አሉ መርማሪዋ።

«ባርኔጣዬን አነሣሁ።»

«ባርኔጣዎን?»

«ሴት ናቸው እኮ!» ጄኔራሉ መርማሪዋን በሐዘኔታ አዩአቸው፤ አስተዳደግ የጎደላቸው መስሏቸው ይሆናል። «ምን ላድርግ? ሾርባ የያዙ ወይዘሮ ልገፍትር?»

«በቀጣዩ ዓመትስ?»

«ያው ነው። ሃያ አራት ዓመት። ዝግ ነው፤ አየሁት፤ ባርኔጣ።»

«በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በእርስዎ ምክንያት የተመለሰ አንድ ሰው እንኳ አለ?»

ጄኔራሉ ጣሪያውን እያዩ ረጅም ጊዜ አሰቡ። መርዳት እንደሚፈልጉ ያስታውቅ ነበር።

«አንድ ሆላንዳዊ» አሉ በመጨረሻ። «ብስክሌት ይዞ ነበር። ግን እሱም መንገድ ተሳስቶ ነው።»

ካዘጋጀኋቸው አሥራ አንድ ጥያቄዎች አንዱንም አልጠየቅኩም።

ውጪ፣ መኪናው አጠገብ፣ ክሪስፒን በንዴት ሲንተከተክ ሰማሁት።

«አጎቴ! አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ብቻ ነበር የለመንኩዎት!»

«ያቺ ቃል ውሸት ነበረች።»

«ጠበቃ ነኝ፤ ውሸት ምን እንደሆነ አውቃለሁ!»

«ካወቅህማ ራስህ ልትላት ይገባ ነበር» አሉና መኪናው ውስጥ ሳይገቡ፣ ኒሻናቸው እየተንቀጫቀጨ፣ ኮረብታውን በእግራቸው ተያያዙት።

መንገዱ የሕዝብ ነው ተብሎ በጃንዋሪ ተወሰነ። የጎልፉ ኩባንያ ሌላ ኮረብታ ፈለገ። ክሪስፒን መምጣት ተወ። ባልዲዎቹ በረከቱ። ጄኔራሉ ተለውጠው የድሃ ወዳጅ ሆኑ እንዳትል፤ ምንም አልተለወጡም። በሳምንቱ ለሚኒስትሩ የስምንት ገጽ ተቃውሞ ጻፉ። ግልባጩን ለእኔ ላኩልኝ። ውሳኔው ስህተት እንደሆነ፣ መርማሪዋ ስለ በሮች ምንም እንደማያውቁ፣ ምስክርነቱ ግን እንከን እንደሌለበት ይገልጻል። መንገዱን ያሳጣቸው የራሳቸው ምስክርነት መሆኑን አንድም መስመር ላይ አላነሡም። ይህን ደብዳቤ መጠጥ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ባለፈው ረቡዕ ሬጅን ልጠይቅ መጦሪያው ሄድኩ። ከኮሪደሩ የማውቀው ድምፅ ተሰማኝ። ዊኒ ከበሩ ውጪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«እሳቸው ምን ያደርጋሉ እዚህ?» አልኳት።

«ከገና ወዲህ በየረቡዑ ይመጣሉ» አለች። «የኢጣልያን ዘመቻ ይነግሩታል።»

«ለሬጅ? ዊኒ፣ ሬጅ አፍ ቢኖረው—»

«አፍ ቢኖረው በመስኮት ይወረውራቸው ነበር። አውቃለሁ።» አንድ ዙር ቆጠረች። «ግን ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ያንቀላፋል። መድኃኒቱ የማያስተኛውን እሳቸው ያስተኙታል። ዝም በል፣ ደርሰዋል።»

በበሩ ክፍተት አየሁ። ሬጅ ዓይኑን ከድኗል። ጄኔራሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለአንድ ሙሉ ጦር እንደሚናገሩ ሁሉ ያወራሉ። ፊታቸው አርጅቷል። ታሪኩን በልቤ እየቀደምኳቸው ነበር፤ ሥጋ ቤት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ድልድዩ ፈረሰ፤ ዝናቡ ጀመረ፤ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ተሻገሩ። ትረካቸውን አቆሙ። አንድ ነገር እንደ ጎደላቸው ያህል እጃቸውን አዩ። ሊነሡ ባርኔጣቸውን ያዙ።

ዊኒ ክንዴን ልትይዘኝ ሞከረች፤ አልደረሰችብኝም። ገባሁ።

«ጄኔራል» አልኩ፣ «በቅሎዋን ዘለሏት።»

«የትኛዋን በቅሎ?»

«ካርታውን የበላችውን።»

ፊታቸው በራ። «ካርታውን የበላችው!» አሉ ጮኸው። ሬጅ ዓይኑን ገለጠ። ከኋላዬ የዊኒ ሹራብ መሬት ሲወድቅ ሰማሁ። ጄኔራሉ ግን ወንበር እየሳቡልኝ ነበር። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ ወዳጄ። ያለ እሷማ ታሪኩ ታሪክ አይደለም። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር።»

ተቀመጥኩ።